ለቦንሳይ አፈር ፍለጋ እስከ ብሎኬት ማምረቻ

ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን በትንሽ ፖት ውስጥ አሳንሶ ማሳደግ፣ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚሰማው የአፈር ስም አካዳማ ነው። ጃፓን ውስጥ የሚቆፈር፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ፣ ፍሬ ፍሬ ያለ ሸክላ አፈር ነው። ለሥሩ የሚበቃውን ውሃ ይይዛል፣ የተረፈውን ይለቃል። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ስለዚህ ስሙን ትቼ ሥራውን የሚሠራልኝን ነገር እዚሁ መፈለግ ጀመርኩ።

የቦንሳይ ፖት ጥልቀት የለውም፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሃ አጠጥተን ከጨረስን በኋላም ከታች ያለው አፈር ውሃ እንዳቆረ ይቀራል። አፈሩ የደቀቀ ከሆነ ይህ እርጥብ ክፍል ወደ ላይ ከፍ ይላል። ዝርግ ፖት ውስጥ ደግሞ ሥሩን በሙሉ ያዳርሰዋል። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል። ከሥር ጠጠር መደልደልም አያድነውም። መረሬ አፈር ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ለቦንሳይ ግን አይሆንም።

የሚያስፈልገው ጠጠር የሚያህል፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው። ስምጥ ሸለቆ ላለው አገር ይህ ብርቅ አይደለም! ፑሚስና ሬድ አሽ ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው፤ ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆች ዘንድ ተከምረው ይገኛሉ። ሄጄ ሲሚንቶ ካልነካው ክምር ጆንያ አስሞላሁ። «ወንድሜ፣ በአንድ ጆንያ ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ። ስለ ወይራዬ ነገርኳቸው።

ድካሙ መንፋቱ ላይ ነው። የምፈልገው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰፊ ዓይን ባለው ወንፊት ትልልቁን አስቀራለሁ፤ ቀጥሎ በጠባቡ ዱቄቱን አራግፋለሁ። ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ አጥባለሁ። ከጆንያው ብዙው ይወድቃል፣ ግን ዱቄቱ ከቀረ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ከሁሉም በላይ የተማርኩት ይህን ነው፤ ከቁሱ ዓይነት ይልቅ የቅንጣቱ መጠን ይበልጣል።

ለወይራና ለፅድ ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ፣ ግማሽ እጅ በደንብ የበሰበሰና የተነፋ ኮምፖስት እቀላቅላለሁ። ውሃ ለሚወደው ለሾላ ደግሞ የተሰባበረ የሸክላ ጡብ እጨምርበታለሁ፤ ጡብ እርጥበት ያቆያል። ሥሩ በጣም ለተቆረጠ ተክል ኮምፖስቱን ትቼ ፑሚስ ብቻ እሰጣለሁ፤ ገና ያልዳነ ሥር በቀላሉ ይበሰብሳልና።

ይህን ድብልቅ የሚሞክር ሰው ሁለት ነገር ይያዝልኝ። በበጋ ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ መታየት አለበት። ፑሚስና ሬድ አሽ ደግሞ ለተክሉ የሚሰጡት ምግብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ተክሉ በሚያድግበት ወቅት ማዳበሪያ በጣም አቅጥኜ ቶሎ ቶሎ እሰጣለሁ።