«እናቴ እንዳትሰማ» ሲሉኝ

ሰሞኑን አንድ ቤተሰብ ከታመሙት እናቱ ጋር ተደባብቆ ከርሞ በመጨረሻ ስለ ሕመማቸው በግልጽ ተነጋገረ። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ። ነርስ ነኝ፤ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ለቤት እየሄድኩ ፈውስ የማይጠበቅላቸውን የካንሰር ሕሙማን እከታተላለሁ።

ስለ ሞርፊን፣ ስለ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ፣ ማስረዳቱን ቶሎ ለመድኩት። «ሱስ ያስይዛል» የሚለውን ፍርሃት አዳምጣለሁ። ፈሳሹ በየ4 ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ እንደሚታዘዝ እነግራለሁ። ጸበል የሚጠጡ ካሉ ይጠጡ፤ መድኃኒቱ ብቻ አይቋረጥ።

የከበደኝ በር ላይ የሚጠብቀኝ ነገር ነው። ልጅ ወይም ወንድም ቀድሞ ይወጣና «እባክሽ እህቴ፣ ካንሰር እንዳትያት። ከሰማች ትሞትብናለች» ይላል። መርዶ እንኳ ዘመድ ሰብስበን በማለዳ ነው የምናረዳው፤ ልመናው ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ጠርጥራለች። እሷም ልጆቿ እንዳይጨነቁ ብላ ዝም ትላለች።

አሁን «መንገር አለባችሁ» ብዬ አልከራከርም። የሚፈሩትን እጠይቅና «ያልጠየቁኝን አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» እላለሁ። በዚህ የማይስማማ አስታማሚ ብዙም አልገጠመኝም። ከዚያ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ተነገርዎ?» እላለሁ። ቀጥዬ «ዝርዝሩን ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?» ጥያቄዎቹን የወሰድኩት እ.ኤ.አ. በ2000 ከታተመውና 6 ደረጃዎች ካሉት ስፓይክስ ከተባለው፣ ለታማሚ ከባድ ዜና የመንገሪያ ዘዴ ነው። «ለልጄ ንገሪው» የሚሉም አሉ፤ መብታቸው ነው።

የሰሞኑ እናት ግን «ለእኔው ንገሪኝ» አሉ። ሰምተው ትንሽ ዝም አሉና የንስሐ አባታቸው እንዲጠሩላቸው ጠየቁ። መቁረብ ፈልገዋል። የቤቱንም ነገር ለልጆቻቸው በአፋቸው ተናዘዙ። መደበቅን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው፤ ሰው ንስሐውንና ኑዛዜውን ይነጠቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሐኪም አፍ ባይወጣ እመኛለሁ፦ «ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም፣ ቤት ውሰዷት።» ሕመሙ፣ ትንፋሽ ማጠሩ፣ የመኝታ ቁስሉ ሁሉ ገና የምንሠራበት ነው። ቤተሰቡ የሐኪሙን ቃል ሲሰማ ሰው ጥሎን ሄደ ብሎ ያስባል፤ እኔንም በጥርጣሬ ይቀበለኛል።

ታማሚዋ ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ስትሆን ግን ገና አልሆነልኝም። ለልጆቹ ማን ይንገራቸው? መቼ? አባትየው ሲጠይቀኝ ቃል ያጥረኛል። የሞከራችሁት ካለ አካፍሉኝ።