ለቡና መፍጫ ብዬ ካምፐራችን ላይ ኢንቨርተር ስገጥም

ነገሩ የተጀመረው በቡና ነው። ያገለገለ ካምፐር ገዛን፣ በፒክአፕ የሚጎተተው፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ዓይነት፣ የምንኖረው ኮሎራዶ ኦሮራ ስለሆነ ተራራው ቅርባችን ነው፣ ናሽናል ፎረስቱ (የመንግስት ጫካው) ውስጥ ደግሞ ብዙ ቦታ እስከ 14 ቀን በነጻ መቀመጥ ይቻላል፣ ግን መብራት የሚሰካበት ምናምን የለም። ጀበናው ጋዝ ላይ ይፈላል፣ እሱ ችግር የለውም፣ መፍጫው ግን 120 ቮልት ይፈልጋል። ባለቤቴ «ሙቀጫ ይዘን ብንሄድስ?» አለችኝ፣ እኔ ግን ያኔ ስንት ቪዲዮ አይቼ ጨርሻለሁ፣ ማን ይሰማታል! በዚያው ማይክሮዌቭም ይሰራል ብዬ የባትሪን 12 ቮልት ወደ 120 የሚቀይር ባለ 2000 ዋት ፒዩር ሳይን ኢንቨርተር (እንደ ቤት መብራት ንጹህ ሞገድ የሚያወጣው)፣ ሁለት ባለ 100 አምፕር ሰዓት ሊትየም ባትሪና አገር ቤት ቼንጅኦቨር የምንለውን፣ ከውጭ መብራት ወደ ኢንቨርተር የሚያዞረውን ትራንስፈር ስዊች አዘዝኩ። 150 ዋት ለማይሞላ መፍጫ።

ባትሪ ለምን ሁለት ካላችሁ፣ 2000 ዋትን ለ12 ቮልት ስታካፍሉት 167 አምፕር ይመጣል፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነውን ስትጨምሩበት 185 አካባቢ ይደርሳል፣ የኔ ዓይነት ባትሪ ደግሞ አንዱ ከ100 አምፕር በላይ አይሰጥም፣ ራሱን ያጠፋል። ይሄን አስቀድሜ አውቄ ነበር። ያላወቅኩት ኬብሉን ነው።

ከኢንቨርተሩ ጋር በካርቶን የመጣውን ቀጭን ኬብል አራዝሜ፣ ባትሪዎቹን ፊት ለፊት መጎተቻው ላይ፣ ኢንቨርተሩን አልጋው ስር አድርጌ 12 ጫማ ያህል ወሰድኩት። ማይክሮዌቩን ስከፍት ባትሪው ላይ 12.9 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ ላይ 11.8! ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀረ፣ የት ሄደ ብዬ ኬብሉን ብነካው እንደ ሻይ ብርጭቆ ሞቋል። በቃ ሁሉንም ፈታሁት። ባትሪዎቹን አልጋው ስር አስገባኋቸው፣ ለነገሩ ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ስለማይደረግ ለኮሎራዶ ብርድም የሚሻለው እሱ ነው፣ ኬብሉንም ቱ ኦት በሚሉት ወፍራም መዳብ ቀየርኩ፣ ርዝመቱ 4 ጫማ ብቻ፣ ፖዘቲቩ ላይ እዚያው ባትሪው አፍንጫ ስር ባለ 250 አምፕር ክላስ ቲ ፊውዝ። አሁን የሚጠፋው 0.2 ቮልት ነው። ፊውዙ ውድ ነው፣ ግን እዚያ ላይ ብር አትቆጥቡ፣ ሊትየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው አምፕር በሺዎች ነው።

አንድ ነገር በመሀል፦ ባትሪው በኩል ጥቁር ኔጌቲቭ ነው፣ 120ው በኩል ግን እዚህ አሜሪካ ጥቁሩ ነው የሚገድለው፣ ነጩ ኒውትራል፣ መመለሻው ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለቱም ሲገናኙ ዓይን ይሸወዳል፣ እኔ የባትሪውን በሙሉ ቀይና ቢጫ ቴፕ ጠቅልዬዋለሁ።

ወደ ትራንስፈር ስዊቹ ስመጣ ዋናው ስህተቴ። ያዘዝኩት ርካሽ ሪሌይ ነበር፣ ሆቱን፣ ማለትም የሚገድለውን ጥቁሩን ብቻ ነው የሚቀያይረው፣ ኒውትራሎቹን «ያው ኒውትራል ኒውትራል ነው» ብዬ አንድ ላይ አሰርኳቸው። ጋራዥ ውስጥ ሰካሁት፣ ቴስትና ሪሴት የሚል ቁልፍ ያለበት ሶኬት ነው፣ ጠቅ ብሎ ጠፋ። ሪሴት አደረግኩ፣ ጠቅ። ሶኬቱ አርጅቶ ነው ብዬ ቀየርኩት፣ አዲሱም ጠቅ። ሁለት ቅዳሜ ሄደ።

በመጨረሻ ጋሼ የምላቸው አገር ቤት ስንት ዓመት ኤሌክትሪሺያን የነበሩ ሰው ጋ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ «ኒውትራሉን ምን አደረግከው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ካሉ በኋላ «ኢንቨርተርህ ውስጥ ኒውትራልና ግራውንድ፣ የመሬቱ ሽቦ፣ ተያይዘዋል፣ አንተ ደግሞ ያንን ከቤቱ ኒውትራል ጋር አጋባኸው፣ ስለዚህ በነጩ መመለስ ያለበት ከረንት ግማሹ በግራውንድ ይመለሳል፣ ሶኬቱ ደግሞ የሄደውና የመጣው እኩል ካልሆነ መቁረጥ ነው ስራው። ሶኬቱ ጤነኛ ነው፣ የታመምከው አንተ ነህ» አሉኝ። ካምፐር ፓኔል ውስጥ ኒውትራልና ግራውንድ አይነካኩም፣ የሚያያዙት መብራቱ የሚመጣበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ከውጭ ስትሰኩ ውጭ፣ በኢንቨርተር ሲሆን ኢንቨርተሩ ውስጥ። ስለዚህ ስዊቹ ሁለቱንም፣ ሆቱንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚያዞር መሆን አለበት። ባለ 30 አምፕር ሁለት ፖል አውቶማቲክ ገዛሁ፣ ባለ 10 ጌጅ ሽቦ፣ ግማሽ ቀን ስራ፣ ሰካሁት፣ ጸጥ። ከስራው በፊት ግን ከውጭ መንቀልና ኢንቨርተሩን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን በቴስተር ዜሮ መሆኑን እዩ፣ ጋሼ ሶስቴ ነው ያስማሉኝ።

አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ማታ 4 ሰዓት ኢንቨርተሩን ሳላጠፋ ተኛን። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ልጄ «አባዬ በረደኝ» ብላ ቀሰቀሰችኝ፣ ስነሳ ጨለማ ነው፣ ስልክ ቻርጀሩም የማሞቂያው ፋንም ሞተዋል። ባትሪዎቹ ባዶ! ምን ነካቸው? ስዊቹን ከዋናው ፓኔል በፊት ስለገጠምኩት ኢንቨርተሩ የካምፐሩን ሙሉ መብራት ነው የሚሰጠው፣ ፍሪጁ አውቶ ላይ ስለነበር 120 ቮልት አገኘሁ ብሎ ከጋዝ ወደ መብራት ዞረ፣ ብቻውን 300 ዋት። ከዚያ የባሰው ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ኮንቨርተር ነው፣ እሱም መብራት መጣ ብሎ ባትሪውን ከባትሪው ቻርጅ ሲያደርግ አደረ። ጅብ የራሱን እግር ሲበላ ማለት ነው። አሁን ወደ ኢንቨርተር ከመዞሬ በፊት የኮንቨርተሩን ብሬከር አጠፋለሁ፣ ፍሪጁን ጋዝ ላይ አስራለሁ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ ምክንያቱም ራሴን አላምንም።

መፍጫው አሁን ይሰራል። ባለቤቴ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሙቀጫ ሳትይዝ አትወጣም፣ ባለፈው አልጋውን ሳነሳ ከነዘነዘናው ባትሪዎቹ አጠገብ አስቀምጣው አገኘሁ፣ የብረት ዘነዘና፣ ሁለቱ ተርሚናሎች ላይ ቢንከባለል አስቡት። ወደ ጫማ ሳጥኑ አዛወርኩትና ባትሪዎቹ ላይ የእንጨት ክዳን ሰራሁ።