ኮራል ኮራል የሚሸት ዓሣ

ዛሬ ጭጋጉ ጦሳን ሸፍኖ ዋለ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ከቤት አያስወጣም። ከወንድሜ ልጅ ጋር ጋቢ ተከናንበን የባሕር ቪዲዮ ስናይ ዋልን። እኛ ዓሣ ሲባል ትዝ የሚለን የሐይቅ ቆሮሶ፣ ያውም ተጠብሶ ነው። ይኼ ግን ሌላ ፍጥረት ነው ወላሂ!

ፋይልፊሽ ይባላል። ባለ ሹል አፉ ዝርያ ቢበዛ 12 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። አረንጓዴ ሰማያዊ ገላው ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ፈሶበታል። ቆዳው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ሲፈልግ የሚያቆመው እሾህ አለው።

የሚኖረው በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በገነቧቸው ድንጋያማ ክምሮች (ሪፎች) ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዋኛሉ። ምግቡ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል ነው፤ እሱን ሲለቅም ይውላል። እኔን ያስደመመኝ ይኼ ነው፦ ኮራሉን ስለሚበላ ጠረኑም ኮራል ኮራል ይላል። አዳኝ ዓሣ በአጠገቡ ሲያልፍ በጠረኑ አይለየውም። በቅርንጫፎቹ መሃል አናቱን ዘቅዝቆ ሲቆምማ ለዓይንም ያስቸግራል። አቤት ተንኮል!

ቀይ ባሕርም የራሱ ዝርያ አለው፣ ከዚህኛው ያነሰ። ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የወረዳችሁ ሹፌሮች፣ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ክፋቱ፣ ሌላ ምግብ እምብዛም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕሩ ሞቆ የኦኪናዋ ኮራል ሲነጣና ሲሞት፣ እሱም ከዚያ አካባቢ ጠፋ።