2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን በእጅ ማረጋገጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የቁጥር ንድፈ ሐሳብን በራሴ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙውን ጊዜዬን የሰጠሁት ለአንድ ቁጥር ነው፤ እርሱም 2³¹ − 1፣ ማለትም 2,147,483,647 ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዎች በ32 ቢት የሚያዘው ትልቁ ባለምልክት ሙሉ ቁጥር እንደሆነ ያውቁታል። እኔን የሳበኝ ግን ሌዮናርድ ኦይለር የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል በጠፋበት ዘመን፣ በ1772 እ.ኤ.አ. ለሒሳብ ሊቁ በርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ቁጥሩ ብቸኛ (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆኑን ማሳወቁ ነው።

ቀጥተኛው መንገድ ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ከ46,341 በታች ባሉት 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ እያካፈሉ መሞከር ነው። ኦይለር ሥራውን ያቀለለው አካፋዩ ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚችል አስቀድሞ በመወሰኑ ነው፤ ይህን እርምጃ ከሥሩ መረዳት ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል።

አንድ ብቸኛ ቁጥር 2³¹ − 1ን ያለ ቀሪ ያካፍላል እንበል። ያን ጊዜ 2³¹ ለዚያ ቁጥር ሲካፈል 1 ይቀራል። በፌርማ ትንሹ ቴረም መሠረት ደግሞ የ2 አርቢ ከአካፋዩ በ1 የሚያንስ ቁጥር ሲሆን ቀሪው እንዲሁ 1 ነው። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ 1 የሚያስቀረው ትንሹ አርቢ 31 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከአካፋዩ 1 ሲቀነስ የ31 ብዜት ይሆናል፤ አካፋዩ ኢ-ተጋማሽ በመሆኑም ይኸው ልዩነት የ62 ብዜት ነው።

ሁለተኛው ማጣሪያ ረቀቅ ይላል። 2³² ለአካፋዩ ሲካፈል 2 ይቀራል፤ 2³² ደግሞ የ2¹⁶ ስኩዌር ነው። እንግዲህ አንድ ስኩዌር ለአካፋዩ ተካፍሎ 2 አስቀረ ማለት ነው፤ ይህም የሚቻለው አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ከቀረ ብቻ ነው። ሁለቱ ማጣሪያዎች ሲጣመሩ አካፋዩ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 ማስቀረት አለበት።

ከ46,341 በታች እንዲህ ያሉት ቁጥሮች 373 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ብቸኛ ያልሆኑት ይወጣሉ፤ 63 እና 249 ወዲያውኑ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ብቸኛ ተፈታኝ 311 ሲሆን 35 ያስቀራል፤ ቀጣዩ 1,303 ደግሞ 226። የቀሩትንም በዚሁ መንገድ እስከ መጨረሻው ማካፈል ያስፈልጋል።

ለጀማሪ የምመክረው ግን በትንሹ ወንድሙ፣ በ2¹¹ − 1 መጀመርን ነው። 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ስለሆነ፣ አርቢው ብቸኛ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ሁለቱም አካፋዮች ለ22 ሲካፈሉ 1 ያስቀራሉ፤ ለ8 ሲካፈሉ ደግሞ 23 ቀሪው 7፣ 89 ቀሪው 1 ነው፤ ሁለቱም ማጣሪያዎች እዚህም ይሠራሉ።

አሁን የያዝኩት የስምንቱን ደንብ በጋውስ ለማ (ረዳት ቴረም) ማረጋገጥ ነው፤ ከዚያ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ብቸኛ መሆናቸውን ወደሚለየው የሉካስ-ሌመር ፈተና እሻገራለሁ። እርሱም ከ4 ተነሥቶ በእያንዳንዱ እርምጃ ስኩዌር አድርጎ 2 እየቀነሰ፣ ውጤቱን ለ2³¹ − 1 ሲካፈል በሚቀረው እየተካ፣ በ29 እርምጃ ዜሮ ላይ ይደርሳል።