ሐምሌ 6

መብራቱ ሲሄድ የጎረቤታችን ቴፕ ወዲያው ዝም አላለም፤ የአሊ ቢራ ድምፅ እየወፈረና እየተጎተተ ሄዶ በአንድ ቃል መሐል ተቋረጠ። ቤቱ በሙቀት ስለታፈነ ወንበሬን አውጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እናቴ በበዓሉ ጣጣ ደክሟት በጊዜ ጋደም ብላለች። የድሬዳዋ ሰፈራችን ከዚራ በወትሮው የእሑድ ምሽት እንደማውቃት አልነበረችም፤ የባጃጅ መብራት ብቻ በዛፎቹ ሥር ብልጭ ብሎ ያልፋል። ከጠዋት ጀምሮ ምክንያቱን የማላውቀው ትካዜ ተጭኖኝ ስለዋለ ጨለማው አላስከፋኝም።

ቀኑን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ 6 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁላይ 13 ይሆናል። በ1969 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ምሽት ኒውዮርክ ከተማ በመብረቅ ሰበብ ጨለመች፤ መብራቱ ለሁሉም የተመለሰው በማግስቱ ምሽት ነበር። ብሮንክስ በተባለው ሰፈር በአንድ መናፈሻ ሸክላ ያጫውቱ የነበሩ ወጣቶች፣ ለመሣሪያቸው መብራት የሳቡት ከመንገድ ምሰሶ ላይ ስለነበር፣ ከተማዋን ያጨለምናት እኛ ነን ብለው እንደ ደነገጡ ከዓመታት በኋላ ተናግረዋል። በዚያ ሌሊት ከተዘረፉ ሱቆች የወጣው የድምፅ መሣሪያ በየሰፈሩ አዳዲስ ቡድኖችን እንደ ወለደ ግራንድማስተር ካዝን የመሰሉ የሂፕሆፕ ቀደምቶች ይመሰክራሉ። እኔን ግን ይህ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የሚያሳስበኝ ዝርፊያው ሳይሆን መናፈሻው ውስጥ ከመሐሉ የተቆረጠው ዘፈን ነው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም. በዚሁ ቀን፣ ኲን የተባለው የእንግሊዝ ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ ነበር። ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ ዛንዚባር ላይ ከሕንድ ፓርሲዎች የተወለደ ሰው ነው። በሐረር በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘውን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴም እንዲሁ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነውና እንዲህ ያለ ሰው ለእኛ አገር ዓይን ብዙም ባዕድ አይደለም። ታዲያ አልበሙ በወጣ ልክ በ12ኛ ዓመቱ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ይኸው ሰው ለንደን በሚገኘው የዌምብሌይ ስታዲየም 70 ሺህ በሚያህል ሕዝብ ፊት ቆሞ 20 ደቂቃ ያህል ዘፈነ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር።

ያ መድረክ ለረሃባችን ገንዘብ የተሰበሰበበት ላይቭ ኤይድ ነው፤ ዛሬ 40 ዓመት ሞላው። ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያዘጋጁት ያ ኮንሰርት በእኛ ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ለንደን ላይ ተጀመረ፤ በፊላደልፊያም ቀጥሎ ለእኛ እሑድ ሊነጋ ሲል አበቃ። ፊል ኮሊንስ ለንደን ላይ ዘፍኖ ሲያበቃ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ በዚያው ቀን አሜሪካ ላይ ደግሞ ተጫውቷል። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን እንደ ተመለከተው ተገምቷል። ይህ ሁሉ የሆነው በወሎ፣ በትግራይ፣ እዚህ በሐረርጌም ጭምር ሰው በረሃብ ስለረገፈ ነው። በዚያ ቀን ከኪሱ ገንዘብ ላወጣ ለማያውቀን ሰው ሁሉ ያለኝ ምስጋና ከልቤ ነው፤ በዚያ እህል የተረፈ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቶ ይሆናል።

ሆኖም ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ሌላ ነገር ሆነ። በዌምብሌይ መዝጊያ ላይ ፖል ማካርትኒ ፒያኖው ፊት ተቀምጦ ሲጀምር ማይክሮፎኑ ለሁለት ደቂቃ ያህል አልሠራም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ቃሉ ግን አይሰማም። ዘፈኑን የሚያውቀው ሕዝብ አብሮት እየዘፈነ ጉድለቱን ሞላለት። ከእርሱ ቀደም ብሎ ደግሞ ዴቪድ ቦዊ ሊዘፍናቸው ካዘጋጃቸው አንዱን ትቶ በዚያ ጊዜ ከእኛ አገር የተቀረፀ ፊልም እንዲታይ አድርጎ ነበር። በፊልሙ ላይ የደከሙ ሕፃናት፣ ልጆቻቸውን ያቀፉ እናቶች ይታያሉ፤ ከበስተኋላው የሚሰማው ግን አንድ የአሜሪካ ቡድን የተጫወተው የፍቅር ዘፈን ነው። የካናዳ ቴሌቪዥን ያቀናበረው ይህ ፊልም ብዙ ልብ እንደነካና እርዳታው ከዚያ በኋላ እንደ ጨመረ ይነገራል። እኔም ባየሁት ቁጥር አለቅሳለሁ። ነገር ግን ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው እነዚያ እናቶች ምን ይሉ እንደነበር ሰው አልሰማም፤ እንደ ማካርትኒ ድምፃቸው በጎደለ ጊዜ ቃሉን አውቆ የሚሞላላቸውም በስታዲየሙ ውስጥ አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ አሊ ቢራ ሁሉም በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ በሁለቱ መድረኮች ላይ ግን ከኢትዮጵያ የመጣ ዘፋኝ አልቆመም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ቡድናችን ባሕር ተሻግሮ ምስጋናውን በራሱ ዜማ ማድረሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ በላይ ሊወራለት ይገባ ነበር።

እናቴ ሙቀቱ ቀስቅሷት ነጠላዋን ይዛ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ በዚያ ክረምት የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው የለም።

«እማ፣ በ77 ሐምሌ ላይ እኛ ቤት የሚሰማው የማን ዘፈን ነበር?» አልኳት።

«በባቡሩ ዓመት?» አለች። «የምን ዘፈን ልጄ! ቴፑ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጦ ነበር እኮ።»

ዓለም ያን ዓመት በኮንሰርቱ ሲያስታውሰው ድሬዳዋ የምታስታውሰው በባቡሩ እንደሆነ ረስቼ ነበር። በዚያው 1977 ጥር ወር ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ የነበረው ባቡር አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የእናቴ አክስት ልጅ አንዱ ነበር፤ ፎቶግራፉ ሳሎን ያለው፣ ስለ እርሱ ደጋግሜ የጻፍኩት። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ በእኛ ግቢ ቴፕ አልተከፈተም፤ ጎረቤቶችም የራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይሰሙ እንደነበር ነገረችኝ። ስለ እኛ እስኪነጋ ሲዘፈን ባደረበት ሌሊት እኛ ቤት ዝምታ ነበር ማለት ነው።

ጥቂት ቆይታ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ድርቁ ከገጠር ያፈናቀላት አንዲት ሴት ከነሕፃኗ ከአጥሩ ወዲያ ባለው ግቢ ተጠልላ ነበር፤ ማታ ማታ ልጇን ስታስተኛ በኦሮምኛ ታንጎራጉራለች። ለቅሶ ላይ ያለ ቤት መሆኑን ስለምታውቅ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ እናቴ ግን እንቅልፍ ስለሌላት ትሰማት ነበር። ሐምሌ ላይ ነው ወይስ ነሐሴ ብዬ ወር አስቆጠርኳት፤ ክረምት እንደ ነበር ብቻ እርግጠኛ ናት። እንደምንም ለምኛት ጀመረችው። ከላይ ተነስቶ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ በሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንሽ የሚንጠለጠል ዜማ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እንደገና እዚያው ላይ ጠፋባት። «አፌ ላይ ነው» እያለች እጇን በጉልበቷ ላይ ስትመታ ቆየች።

መብራቱ መቼ እንደ ተመለሰ አላስተዋልኩም፤ ብቻ ከጎረቤት ቴፑ ካቆመበት ቃል ቀጥሎ ሲዘፍን ሰማሁት፣ እናቴም ገብታ ተኛች። እኔ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ሁለቱን ስንኞች እያንጎራጎርኩ ነው። ሕፃኑ በሕይወት ካለ ዛሬ 40 ዓመት አልፎታል። ሦስተኛው ስንኝ ወዴት ነበር የሚወርደው?