እናቴ «ሰው እዘዝልኝ» ብላ ለምና ነበር

እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገውን ልመስክር። ምስክርነቴ ስለ ትራክተር ስለሆነ ትንሽ ግራሶ ግራሶ ይላል፣ ታገሡኝ።

አገራችን አርሲ ነው። የስዊድኖቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1967 ከተጀመረ ወዲህ ትራክተር በእኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። አባዬ ትቶልን የሄደው ማሴ ፈርጉሰን 165 ነው። ይህ ሞዴል መመረቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ስለሆነው ከእኔም ከወንድሜም በዕድሜ ይበልጣል።

አባዬ ሲያርፍ ትራክተሩ ቀረ፣ ሙያው ግን አብሮት ሄደ። እኔና ታናሽ ወንድሜ መንዳቱን እንችላለን። ፈትቶ መግጠም ሌላ ነገር ነው። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግማ ስትጨርስ «ለእነዚህ ልጆች ሰው እዘዝልኝ» ትል ነበር። አዲስ ትራክተር አልለመነችም። እኔ ብሆን እሱን ነበር የምለምነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ስንዴ ልንዘራ ስንል፣ የኋላው ቀኝ ጎማ ጎኑ ተሰነጠቀ። ጎሚስታው «ፈታችሁ አምጡት» አለን። ክሪክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻ፣ ተውሰን ልንጀምር ስንል ጋሼ ብቅ አለ። ጋሼ ድሮ የመንግሥት እርሻ መካኒክ የነበረ ጡረተኛ ነው። ከአባዬ ቀብር ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። «እንዲሁ እግሬ አመጣኝ» አለ።

ተቀምጦ ቡና ይጠጣል ስንል ኮቱን አወለቀ። መጀመሪያ ትራክተሩን ከተዳፋቱ አስወጥቶ ደልዳላ ቦታ ላይ አስቆመው። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ ከፊትም ከኋላም በታኮ አስያዘ። ወንድሜ «ማርሽ ውስጥ ነው እኮ ጋሼ» ቢለው ሳቀበት። አንዱ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ማርሽ አይዝም። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ጥርስ፣ የተነሣውን ጎማ በአየር ላይ እያዞረ መሬት ያለውን ይለቀዋል። የፊት ጎማ ደግሞ ፍሬን የለውም።

ቀጥሎ የሠራውን አይቼው አላውቅም ነበር። የፊተኛው አክስል፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ መሐሉ ላይ በአንድ ፔርኖ (ወፍራም የብረት ካስማ) ብቻ ስለተያዘ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ከኋላ አንዱን ጎን ስታነሡት ትራክተሩ ወደ ሌላው ሊያጋድል ይችላል። ጋሼ በአክስሉና በላዩ ባለው ብረት መካከል በሁለቱም ጎን የእንጨት ሽብልቅ መታበት።

ጎማውን የያዙትን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላናቸው። ክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ገባ፣ ከኋላው አክስል ሥር ተነሣ። ወንድሜ ዳዶ ሊፈታ ሲጣደፍ ጋሼ ጮኸበት፦ «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም!» ጥርብ እንጨት አንዱን ረድፍ በአንዱ ላይ እያጋደመ ከአክስሉ ሥር ደረደረ። ክፍተቱ ጣት የማያስገባ እስኪሆን ድረስ። እውነቱን ለመናገር እኔ ዝናቡ ሳይመጣ ልንጨርስ ነው ያሰብኩት፣ እሱ ግን እንጨት ይመርጣል!

ጎማው ወጣ። ወንድሜ ዘይት የሚያልብበትን ቦታ ሊያይ አንገቱን አጎንብሶ ከአክስሉ ሥር ገባ። በዚያው ቅጽበት ክሪኩ ዘይቱን ተፋና ቁጭ አለ። ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ብረት «ጓ!» ብሎ እንጨቱ ላይ አረፈ። ወንድሜ ራሱን እየዳበሰ ወጣ። አንድ ጭረት የለውም። እናቴ «በስመ አብ!» እያለች ከጓዳ ሮጣ ወጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። የወደቀችው ወንድሜ እግር ላይ አይደለም፣ ጋሼ እግር ላይ ነው። ሽማግሌው በሐፍረት ተጨነቀ።

ይህን ሳወራ «ተአምሩን ተናገር፣ የእንጨቱን ነገር ተወው» የሚሉኝ አሉ። አልተወውም። እናቴ የለመነችው ሰው ነው፤ የመጣላትም እንጨት መደርደር የሚያውቅ ሰው ነው።

ስንዴው ተዘራ። እናቴ ስለቷን ለኅዳር ሚካኤል ጃንጥላ አስገባች። ለጋሼ ደግሞ በግ ነድተን ሄድን። ከምስጋናችን በፊት የጠየቀን ስለ ክሪኩ ነበር። «ለባለቤቱ መለስንለት» ስንለው በጉን ሳያስር ተነሣና ሰውየው ቤት ሄደ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት ሊነግረው።