የብስኩት ቆርቆሮው

አባዬ የልብ መድኃኒቱን የሚያስቀምጠው በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ከፍቼ ቆጠርኩ። 30 ፍሬ አስፕሪን ከገዛሁለት 20 ቀን ሆኖታል፤ መቅረት የነበረበት 10 ነው። 23 አገኘሁ።

"ረስተኸው ነው?" አልኩት። ረስቼ ነው ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ምን ያደርግልኛል ብለሽ ነው?" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ያለነው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ካዛንቺስ ሳለን ጠዋት የወጣ ማታ ነበር የሚገባው። ሃርት አታክ ከያዘው ሰባት ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ይፈራዋል። ሬዲዮውንም ተወው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ሶፋው ላይ ቁጭ ይላል። እኛ "ዕድሜ ነው" አልን። ኔትወርክ ሲጠፋም "ደበረኝ" እንላለን እኮ፤ ድብርት በሽታ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ቀጠሮው ላይ የቆርቆሮውን ነገር ለዶክተሯ አወጣሁባት። ስለ ደረቱ አልጠየቀችውም። "ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር አላስደስት ብሎዎታል?" አለችው። ዝም አለ። ቆይቶ "ቡናም አይጥመኝ" አለ። አንድ ቤት እየኖርን እኔ ይህን ጠይቄው አላውቅም።

ሃርት አታክ ከያዛቸው አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ከባድ ድብርት ያገኘዋል አለችን። ድብርት ያለበት ደግሞ ዳግም የመታመምም የመሞትም አደጋው ከፍ ይላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2014 ድብርት ለልብ ሕመምተኞች ከአስጊ ነገሮች ተርታ እንዲቆጠር አሳስቧል። ድብርት ሲኖር የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፣ ደም ለመርጋት ይቀለዋል። በዚያ ላይ የእኛ ቆርቆሮ አለ።

ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት አዘዘችለት፤ ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈልግም ነገረችን። ለእንቅልፍ ብሎ የጀመረውን አሚትሪፕቲሊን ግን አስቆመችው፤ የልብ ምት ያዛባል። እሱን ከጎረቤት ለምኜ ያመጣሁለት እኔው ነበርኩ። እዚያው ወንበሩ ላይ አላበኝ።

ትናንት አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በየእረፍቱ እየቆመ፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወርዶ ከጎረቤት ቡና ጠጣ። ሲመለስ ፊቱን አጨፍግጎ ነው የገባው።

"ቡናቸው ውሃ ነው" አለኝ።